የባቡሯ ሴትዮ ምን አለች

ዳልጮ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ደግሞ የመቀመጥ ሰው ነው፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ካለበት ሳይነቃነቅ የሚውል። ዳልጮም ከጨንቻ ደጋ ወርዶ በአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ላይ ቤት ከሠራበት ጊዜ ጀምሮ እንዲያ ሲውል ኖሯል። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን ተቀምጦ መዋል አቃተው። መወርወሪያውን አራት አምስቴ ያመላልስና ብድግ ይላል። እስከ ግቢው በር ሄዶ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል። የሚጠብቀው ሰው የለም። ተመልሶ ይቀመጣል። ገና መቀመጫው ሳይሞቅለት ደግሞ ይነሳል። በአራት ቀን ያወርደው የነበረው ጋቢ ሦስት ሳምንት እየፈጀበት፣ ደንበኞቹ መጀመሪያ ታገሡት፤ ኋላ ምንም ሳይሉት ወደ ሌላ ሸማኔ ሄዱ።

ኅዳር ላይ ሚስቱ አገኘሽ ሞታለች። ሁለት ሳምንት ታመመች፤ ከዚያ ሞተች። ሰው ሲጠይቀው የሚናገረው ይህንኑ ያህል ነው።

ሌላም ያልነበረ አመል አምጥቷል። የቤቱን በር አይዘጋም። አርባ ምንጭን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሲቀላ ላይ በሩን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው የወባ ትንኝ እየጋበዘ ነው። ልጁ አስቴር ደግሞ የምትሠራው ጤና ጣቢያ ነው።

“አባዬ፣” ትለዋለች፣ “እኔ ቀን ቀን ለሰው አጎበር አድላለሁ፤ አንተ ማታ ማታ ትንኟን ‘ቤት ለእንግዳ’ ትላታለህ። ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?”

“ሙቀቱ ነው” ይላል።

“ሙቀቱ ዘንድሮ ነው የመጣው?”

አስቴር በሩን ትዘጋዋለች። እሷ ዞር ስትል ይከፍተዋል።

ሔርሜላ የመጣችው በሚያዝያ መጨረሻ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ባደረገው ሰሞን ነው። በላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ከጓደኞቿ ጋር ሆና እዚያው ሴቻ አንድ አዳራሽ ለምና አግኝታለች፤ ለስድስት ቀን፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የድሮ ፊልሞች ሊያሳዩ ነው። አስቴር ባቀረበችላት ዱካ ላይ ተቀምጣ ይህን ስታስረዳ ዳልጮ ሁለቴ ተነስቶ ሁለቴ ተቀምጧል።

“ጋሽ ዳልጮ፣ እኔ እኮ ስለ እርስዎ እየሰማሁ ነው ያደግሁት” አለችው። “እናቴ ‘ወንደሰን ቪዲዮ ቤት የምንገባው ፊልሙን ለማየት ሳይሆን ዳልጮን ለመስማት ነበር’ ትላለች።”

“እናትሽ ማን ናት?”

“ልክነሽ። ገበያው በር ላይ ሙዝ ትሸጥ የነበረችው።”

“ልክነሽ! እሷ ደግሞ መቼ ገብታ ታውቃለች? በቆርቆሮው ቀዳዳ አይደል እንዴ የምታየው! ቀዳዳውን በሚስማር ያሰፋችው እኮ ራሷ ናት።”

ሔርሜላ ሳቀች። አስቴርም ሳቀች። አባቷ ከኅዳር ወዲህ ሰው ሲያስቅ ያየችው ገና አሁን ነው።

“እንግዲያው የቅዳሜውን ልንገርዎት” አለች ሔርሜላ። “‘የባቡሯ’ ናት።”

ፊልሙ የራሱ ስም ነበረው፤ ሲቀላ ላይ ግን በዚያ ስም የጠራው ሰው የለም። “የባቡሯ” ሲባል ድሮ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃታል።

“እንደ ድሮው በአስተርጓሚ አይደለም” ብላ ቀጠለች። “ከሥር በአማርኛ ተጽፎበታል። ሲላስ የሚባል ባልደረባችን ህንድ አገር ሰባት ዓመት ተምሯል፤ እሱ ነው ቃል በቃል የተረጎመው። እርስዎ የክብር እንግዳችን ይሆኑና ከፊልሙ በፊት ጥቂት ነገር ይነግሩናል።”

ዳልጮ ለሦስተኛ ጊዜ ተነሳ። እስከ በሩ ሄደ፤ መንገዱን አየ፤ ተመለሰ።

“ሁሉም ተጽፏል?” አለ። “የተናገሩት በሙሉ?”

“አንድ ቃል አልቀረም።”

“ባቡሩ ጋ ያለውም?”

“እሱማ ዋናው አይደል!”

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዳልጮ ህንድኛ አያውቅም። ያኔም አያውቅም ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ወንደሰን የሚባል ነጋዴ ሲቀላ ላይ የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች፣ ጠረጴዛ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ቴሌቪዥንና ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጡ ካሴቶች ነበሩት። ፊልሞቹ የህንድ ናቸውና ሰው ዘፈኑን ቢወድም ነገሩ አልገባው አለ። ወንደሰን አስተርጓሚ ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ አንዱ “ዳልጮ የህንድ መምህር ቤት ሠርቶ የለም እንዴ!” አለው። እውነት ነበር። ዳልጮ ጨንቻ እያለ አንድ የህንድ መምህር ቤት ለስምንት ወር ውሃ ቀድቷል፣ ሰሃን አጥቧል። መምህሩ የሚያናግሩት በተሰባበረ አማርኛ ነበር፤ ከቋንቋቸው የቀሰመው “ና”፣ “ሩዝ” እና “በቃ” የሚሉትን ሦስት ቃላት ብቻ ነው። ወንደሰን ስንት ቃል ታውቃለህ ብሎ አልጠየቀውም። ዳልጮም አልነገረውም። ሚስት ያገባው በዚያው ዓመት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጠዋት ሲሸምን፣ ከሰዓት በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቀጭን ዘንግ ይዞ ሲቆም፣ የማያውቀውን ቋንቋ ሰባት ዓመት ተረጎመ። ፊታቸውን ያያል፤ እጃቸውን ያያል፤ ማን ከማን እንደተጣላ ይገምታል፤ የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። የሚሞላው ደግሞ ከሚያውቀው ነው። ስለዚህ ወንደሰን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ህንዶች ዕድር ነበራቸው። ደቦ ይወጡ ነበር። ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጥላቸው ነበር። አንዷ ክፉ ሴትዮ ከጎረቤቷ ጓሮ እንሰት ሰርቃ ተይዛለች። ሰዉ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረም። “ለካ ሰው የትም አንድ ነው!” እያለ ነበር የሚወጣው።

ምስጢሩን የምታውቀው አገኘሽ ብቻ ነበረች። የምትሸጠውን ኦቾሎኒ በሰሃን ይዛ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ የዳልጮ ትርጉም ከፊልሙ ሲርቅ ትስላለች። አንድ ጊዜ አንዱን ጎረምሳ “የልጅቷ ታላቅ ወንድም” ብሎ አስተዋወቀ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወንድምየውና ልጅቷ ዝናብ ውስጥ ተቃቅፈው መዝፈን ጀመሩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አገኘሽ የሳንባ በሽተኛ እስክትመስል ሳለች።

“ቆይ!” አለ ዳልጮ ዘንጉን አንስቶ። “ነገሩ አሁን ነው የወጣው። ለካ ወንድሟ አይደለም! ሕፃን ሆኖ በር ላይ ተጥሎ ያገኙት ነው። አባትየው ይህን በሆዱ ይዞ ነው የኖረው።”

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አገኘሽ ቤቷ ገብታ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ መጣ።

“የባቡሯ” የመጣችው በሁለተኛው ዓመት ነው። መጨረሻው ገደማ ሴትዮዋ ታማ፣ ለሕክምና ሩቅ አገር ልትሄድ ባቡር ትሳፈራለች። ባሏ ጣቢያው ላይ ቆሟል። ላይተያዩ ይችላሉ። ባቡሩ ሊነቃነቅ ሲል አንገቷን በመስኮት አውጥታ አንድ ነገር ትለዋለች። ዘፈን የለም፣ ሙዚቃ የለም። ትለዋለች፤ ባቡሩ ይሄዳል። ዳልጮ በመጀመሪያው ቀን እዚያ ሲደርስ ሰዉ ማልቀስ ጀምሯል። ዘንጉን ዝቅ አደረገና፣

“በሩን አትዝጋው። የሄደ ሰው የሚመለሰው ክፍት በር ሲያገኝ ነው” አለ።

ከየት እንዳመጣው አያውቅም። ቃሉ ግን ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ በከተማው ተራባ። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ተናገሩት፤ ሙሽራ ሲሸኝ ተባለ። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ጓደኛው ዓባይ፣ ሚስቱ አኩርፋ ሶዶ እናቷ ቤት ስትገባ፣ ሦስት ወር በሩን ሳይዘጋ አደረ። መጀመሪያ የገባው ሌባ ነው፤ ሬዲዮኑን ይዞበት ሄደ። ሚስቱ ግን በሦስተኛው ወር መጣች። ዓባይ እስከ ዛሬ ሰው ፊት “የእኔን ትዳር ያቆመው የህንድ ፊልም ነው” ይላል።

ነገሩ ያልተዋጠላት አገኘሽ ብቻ ነበረች።

“አፏ የተከፈተው ሁለቴ ነው” አለችው በዚያው ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ። “አንተ ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው? እውነት ግን ምን ብላው ይሆን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ?”

“በሁለት ቃል ሴት ባሏን ምን ብላ ትሰናበታለች?”

ሠላሳ ዓመት ጠየቀችው። እንዝርቷን እያሾረች፣ የሽፈራው ቅጠል እየቀነጠሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንገት መንገድ ላይ ቆም ብላ፣ “ያቺ ሴትዮ ግን ምን ብላ ይሆን?” ትለዋለች። ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ወንደሰን ሞተ። ካሴቱ የገባበት ጠፋ። ጥያቄው ብቻ እንደ ቤት ዕቃ ሆኖ ቀረ። ኅዳር ላይ፣ ሐኪም ቤት በተኛች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ “ሳናውቀው ቀረን” አለች። ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ይህንኑ ይሆናል ብሎ ያዘው።

እንግዲህ መልሱ አሁን ሴቻ ድረስ መጥቷል። ግን ብቻውን አልመጣም። ጽሑፉ ከሥር ከሥር እየታየ ሲያልፍ፣ ዳልጮ ሰባት ዓመት ሲተርክ የኖረው ሁሉ ፈጠራ መሆኑን ሰዉ በዓይኑ ያያል። መቅረት ይችላል፤ ከቀረ ግን መልሱ አመለጠው።

ሰኞ ዕለት ሚኒባስ ተሳፍሮ ዳገቱን ወጣ።

“ፊልሙ ቅዳሜ አይደል?” አለችው አስቴር።

“አዳራሹን ልየው።”

“ዓመት ሳይሞላት ሲኒማ ይገባል!” ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። አስቴር ሰምታለች። ሲኒማም ይሁን የትም፣ አባቷ ከዚያ ክፍት በር ዞር ማለቱን ወዳዋለች።

ሰኞ የታየው ባለ ፈረስና ባለ ሽጉጥ ነጮች ያሉበት ነው። ዳልጮ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ አንዱ ገና ከፈረሱ ሳይወርድ ተነስቶ ወጣ። አዳራሹ የተሠራው ገደሉ ጠርዝ ላይ ነውና ከደጁ ቁልቁል ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ። ቆሞ አያቸው። ተመልሶ ገባ። እንደገና ወጣ። በነጋታው እየተማቱ የሚዘሉ ቻይናዎች ነበሩ፤ ያንንም እንዲሁ ግማሹን ከውስጥ፣ ግማሹን ከደጅ ጨረሰው። ከፊልሙ ይልቅ በሩን ያውቀዋል። ቁጭ ባለበት ቀኝ እግሩ፣ ቀጥሎ ግራ እግሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን መርገጫ እንደሚረግጥ ሁሉ ወለሉን ይረግጣል።

ረቡዕ ድምፅ የሌለው፣ ከሁሉ ያረጀው ታየ። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ዳልጮ አንድ የሚያጉረመርም ሰው ሰማ። “ውሻዬን ማን ወሰደው ነው የሚለው… የለም፣ የአማቱን ውሻ ነው…” ይላል ሰውየው። ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ እስክታየው ድረስ የሚያጉረመርመው ራሱ መሆኑን አላወቀም። አፈረ። ወጣ።

ሐሙስ ሲላስ ደጅ አገኘውና ሻይ ጋበዘው። ትሑት ልጅ ነው፤ መነጽር ያደርጋል።

“ጋሼ፣ የእርስዎ የህንድ መምህር ከየት ነበሩ?”

“ከህንድ ነዋ።”

“ህንድ ሰፊ ናት። ከየትኛው ወገን?”

ዳልጮ አሰበ። “ኬረላ የሚሉት አገር።”

ሲላስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። “የኬረላማ ቋንቋው ሌላ ነው! ከዚህ ፊልም ጋር ምንም አይገናኝም። ጋሞኛና ትግርኛ ይበሉት።”

ለካ ዳልጮ የሚያውቃቸው ሦስቱም ቃላት የሌላ ቋንቋ ኖረዋል።

“ታዲያ ይህኛውን ከየት ተማሩት?”

“ከሰው” አለና ተነሳ። ተመልሶ ተቀመጠ። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ምን አለች ብሎ ቢጠይቀው ልጁ አሁኑኑ ይነግረው ነበር፤ መጠየቅ ግን አላውቅም ማለት ነው። “ባቡሩ ጋ ያለው… አስቸገረህ?” አለው በመጨረሻ።

“እሱ? እሱ ቀላል ነበር። ሕፃን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው” አለ ሲላስ፤ ሻዩን ፉት አለ።

ዳልጮ አርብ ከፊልሙ በኋላ ሚኒባስ ትቶ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ። አስቴር “እግርህን ምን በላው?” አለችው።

ቅዳሜ ዓባይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ የድሮ ሰው ጭኖ መጣ። አንዳንዱ ከዘራ ይዟል፤ ልክነሽ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። “ዛሬስ በበሩ ገባሁ!” አለች ለዳልጮ። እሱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አገኘሽ ብትኖር የምትቀመጠው እዚያ ነበር። ሔርሜላ ወደ ፊት ጠርታ ስታስጨበጭብለት፣ የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ድሮ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የተጻፈውን አንብቡ።” ይህን ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ፊልሙ ጀመረ። ለጥቂት ጊዜ ሰላም ነበር። ከዚያ ባለ ሪዙ ሰውዬ መጣ። ከሥሩ፣ “ዶክተር፣ ይግቡ” የሚል ተጻፈ።

“ዶክተር?” አለ ዓባይ ጮክ ብሎ። “የምን ዶክተር! ይኼ የዕድሩ ዳኛ ነው!”

“መርፌ ሲወጋ እያዩ?” አለ ከፊት የተቀመጠ ወጣት።

“የዕድር ዳኛ መርፌ አይወጋ የሚል ሕግ አለ?”

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ ወፍራሟ ሴትዮ ብቅ አለች። “አክስቴ” ይላል ጽሑፉ።

“አክስቷ አይደለችም!” አለች ልክነሽ ከመቀመጫዋ ተነስታ። “እንሰት የሰረቀችው ጎረቤት ናት። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ!”

“በቀዳዳ ነዋ ያየሻት!” አለ አንዱ ባለ ከዘራ።

“ይቅርታ፣” አለ ሲላስ ከጥግ፣ “እኔ ቃል በቃል ነው…”

“ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኛ ይህን ፊልም አርባ ጊዜ አይተነዋል!”

ወጣቶቹ “ዝም በሉ” ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ “ጽሑፉ ተሳስቷል” ይላሉ። ሔርሜላ ፊልሙን አቁማ መብራት አበራች። ያኔ ዓባይ ወደ ኋላ ዞረ።

“ምን ያጣላናል? ባለቤቱ እዚሁ ተቀምጧል! ዳልጮ፣ ተነስ። ጽሑፉ ልክ ነው አይደለም? ካልሆነ ይጥፋልንና አንተው እንደ ድሮህ ንገረን።”

ጭብጨባው ከወንደሰን ቤት ጭብጨባ አያንስም። ሔርሜላ ሲላስን አየችው፤ ሲላስ መነጽሩን አወለቀ። “ማጥፋት ይቻላል” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዳልጮ ተነስቶ ቆመ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። “ተሳስቷል” ቢል ጽሑፉ ይጠፋል፣ ዘንግ ይሰጡታል፣ ከሸራው ጎን ይቆማል። ባቡሩ ጋ ሲደርስ በሩን አትዝጋው ይላል፤ ሁሉም ያለቅሳል፤ እሱም አክብረውት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሴትዮዋ ያለችውን ግን ከእንግዲህ አያውቅም።

“ዱቡሻ ላይ እንደቆምክ ቁጠረው!” አለ ዓባይ እየሳቀ።

ቀልዱን ነው። ዳልጮ ግን አልሳቀም። ዱቡሻ ጋሞ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚፋረድበት ሜዳ ነው፤ እዚያ የቆመ ሰው አይዋሽም። አባቱ ጨንቻ ዱቡሻ ላይ በራሱ ወንድም ላይ ሲመሰክር ዳልጮ ቆሞ አይቷል። ዱቡሻ ላይ የዋሸ ሰው ቤቱን ጎሜ የሚሉት የጥፋት ዕዳ ይይዘዋል፤ ከብት ይሞታል፣ ሰው ይታመማል ይባላል። ዳልጮ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ ጎሜ እፈራለሁ አይልም። ቢሆንም ወለሉን ሲረግጥ የሰነበተው እግሩ ቆመ።

ትንሽ ጠበቀ። ከበሩ አጠገብ የሚስል አልነበረም።

“ጽሑፉ ልክ ነው” አለ።

“ምን?”

“ልጁ የጻፈው ልክ ነው። እኔ ህንድኛ አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር። ፊታቸውን እያየሁ ነው የነገርኳችሁ። ዕድሩንም እንሰቱንም ከራሴ ነው ያወጣሁት። አሁን ዝም ብላችሁ እዩ። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።”

ዓባይ እንደቆመ ነው።

“በሩስ?” አለ ቀስ ብሎ።

“በሩም።”

ዓባይ ተቀመጠ።

“ሰባት ዓመት ሙሉ!” አለ ባለ ከዘራው። “ሰባት ዓመት እየከፈልን!”

“እኔ አልከፈልኩም” አለች ልክነሽ።

በዚያ ላይ ነው ሳቁ የፈነዳው። ሁሉም ግን አልሳቀም። ባለ ከዘራው ነጠላውን አጣፍቶ ወጣ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። በዳልጮ አጠገብ ሲያልፉ አላዩትም። ሔርሜላ መብራቱን አጠፋች።

ፊልሙ ቀጠለ፤ ዳልጮም ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። “ወንድም” ብሎ የተረጎመው አጎት ነው። ተጣሉ ያላቸው እየተቃለዱ ነበር። ጥቂት ነገር ግን በትክክል ገምቶ ነበር፤ ሴትዮዋ በእርግጥ ታማለች፣ በእርግጥም ለሕክምና ነው የምትሄደው። በር ሲነቃነቅ ሰማ፤ ዞር አላለም።

ጣቢያው መጣ። ባልየው ቆመ። ባቡሩ ጮኸ። ሴትዮዋ አንገቷን በመስኮት አወጣች፤ አፏ ሁለቴ ተከፈተ። ከሥሩ ተጻፈ፦

“ብርድ ነው። ግባ።”

ባቡሩ ሄደ።

“ይኸው ነው?” አለ አንድ ሰው በጨለማው ውስጥ። ባልየው ጣቢያው ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሸሚዙን ኮሌታ ሰብሰብ አድርጎ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ሠላሳ ዓመት የተጠበቀው ይህ ነበር። ዳልጮ የሚያለቅስ መስሎት ነበር፤ ሳቅ ግን ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። አገኘሽ ብትኖር የምትለውን ሰምቶታል። “ታዲያ ሌላ ምን ትበል? ሰውየው በሸሚዝ ብርድ ላይ ቆሟል!” ነበር የምትለው፤ እንዲያውም ከሠላሳ ዓመት በፊት ደርሼበት ነበር ብላ ትከራከራለች።

የሠሪዎቹ ስም ተዘርዝሮ ሸራው ነጭ እስኪሆን ቁጭ ብሎ አየ።

ሚኒባሱ ውስጥ ዓባይ ከጎኑ ተቀመጠ። ሐይቁ የሚታይበት መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ወደ እሱ ዞረ።

“ስማ” አለ። “እኔ ያኔ በሬን የከፈትኩት በማን ቃል ነው?”

“በእኔ።”

“ህንዷ አላለችም?”

“አላለችም።”

ዓባይ አሰበበት። “እንዲያ ከሆነ ሬዲዮኑ ያንተ ዕዳ ነው።”

“ሚስትህስ?”

“እሷን እንኳ አልመልስም፤ ለምጃታለሁ።” በክርኑ ጎሰም አደረገው። “አታላይ! ሰባት ዓመት!” አለና ወደ ውጭ ተመለከተ። ሲወርዱ ግን እንደ ወትሮው ትከሻውን አልመታውም። ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

ዳልጮ ቤቱ ሲደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። በሩ ክፍት ነው። አስቴር ደፉ ላይ ቆማ በፎጣ ትንኝ ታባርራለች። እሷም ከዚያ ጥያቄ ጋር ያደገች ናትና ሰላም ሳትለው፣

“ምን አለች?” አለችው።

“‘ብርድ ነው፣ ግባ’ አለችው።”

“ብርድ?”

“አገሩ ብርድ ነው። እንደ ጨንቻ።”

አስቴር ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። “ሌላ አላለችም?”

“ሌላ ምን ትበል?” አለ ዳልጮ።

አልፏት ገባ። የሸማ ዕቃው ጥግ ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጠዋት የጣለው መወርወሪያ ተኝቷል። አነሳው፤ ቦታው አኖረው። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰ። መንገዱን ግን አላየም። አስቴር ገባ እንድትል ጠበቃትና በሩን ዘጋው።